ለማን ስንት ራም? ስርዓተ ክወናዎችና የአዊ ዞን ተጠቃሚዎች

የአንድ ኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሹ ይለያያል። የሶፍትዌሩ አምራች ምርቱን በብዙ ማሽን ላይ ማስጫን ስለሚሻ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ነጋዴው ውዱን ዕቃ ለመሸጥ ከፍ ያደርጋል፤ የጥገና ባለሙያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ቁጥር ከመነጋገር ይልቅ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ያልፋል። በእንጅባራና በዳንግላ የሚኖረው ተጠቃሚ ግን ከሦስቱም የተለየ ስሌት አለው፤ በእጁ ያለው ማሽን ስንት ዓመት ያገለገለ ነው፣ የሚሠራበት ሥራ ምንድን ነው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ምን ይተርፋል፣ ለተጨማሪ ራም የሚወጣው ብር ሌላ የተሻለ ቦታ የለውም ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይመጡበታል። ይህ ዳሰሳ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያሉትን ዋና ዋና የተጠቃሚ ክፍሎች እየለየ፣ የሚያስፈልገው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በስርዓተ ክወናው ሳይሆን በሥራው ዓይነትና በዲስኩ ፍጥነት መሆኑን ይመረምራል።

ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ሁኔታ የሚያመቻች መሠረታዊ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና አንድሮይድ በአካባቢው የሚያጋጥሙት ናቸው። ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ራም የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚገለገልባቸውን ትእዛዞችና መረጃዎች ለጊዜው የሚይዝ ክፍል ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ፋይልን በቋሚነት ከሚያስቀምጠው ሃርድ ዲስክም ሆነ በስልክ ውስጥ ከሚገባው ሚሞሪ ካርድ ይለያል። መለኪያው ባይት ነው፤ 1,024 ባይት አንድ ኪሎባይት፣ 1,024 ኪሎባይት አንድ ሜጋባይት፣ 1,024 ሜጋባይት ደግሞ አንድ ጊጋባይት ይሆናል።

የአምራቾቹን ቁጥሮች በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ጠቃሚ ነው። በዶስ ዘመን ፕሮግራሞች በቀጥታ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ማኅደረ ትውስታ 640 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 ላወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ጠየቀ፤ በ2001 ለወጣው ኤክስፒ ዝቅተኛው 64፣ የሚመከረው 128 ሜጋባይት ሆነ፤ ለቪስታ 512 ሜጋባይት ተባለ፤ በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 በ32 ቢት ዓይነቱ 1፣ በ64 ቢት ዓይነቱ 2 ጊጋባይት ጠየቀ፤ በ2015 የመጣው ዊንዶውስ 10 እነዚያኑ ቁጥሮች ሳይነካ አለፈ፤ በ2021 ብቅ ያለው ዊንዶውስ 11 ግን ወለሉን ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ አደረገው። ከዊንዶውስ 95 እስከ ዊንዶውስ 11 ባሉት 26 ዓመታት ፍላጎቱ 1,024 ጊዜ ተባዝቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለተጠቃሚው ከዚህ ዕድገት ይልቅ መሐል ላይ ያለው ዕረፍት የበለጠ ትርጉም አለው፤ ከ2009 ጀምሮ ለ12 ዓመታት ያህል ወለሉ ባለመነሣቱ፣ ለዊንዶውስ 7 የተገዙ ማሽኖች ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው ከጡረታ ዕድሜያቸው በላይ ሊያገለግሉ ችለዋል፤ ዛሬም በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ትሩፋቶች ናቸው።

ከላይ የተጠቀሰው የ32 እና የ64 ቢት ልዩነት አንድ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቢት በዚህ አገባቡ ስርዓቱ የማኅደረ ትውስታን አድራሻ ለመቁጠር የሚጠቀምበትን ርዝመት ያመለክታል፤ በ32 ቢት ሊቆጠር የሚችለው አድራሻ 4 ጊጋባይት ላይ ያበቃል፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለስክሪን ካርድና ለሌሎች አካላት ስለሚያዝ፣ የ32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ቢገባለትም ከሦስት ጊጋባይት ብዙም የማይዘል መጠን ብቻ ይጠቀማል። ራም አስጨምሮ ለውጥ ያላየ ባለንብረት በነጋዴው ላይ ከመቆጣቱ በፊት ሊያረጋግጠው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

የአምራቹ ዝቅተኛ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ቁጥሩ የሚለው ስርዓቱ ይጫናል፣ ይነሣል፣ የመነሻ ገጹንም ያሳያል ነው፤ ሥራ ያሠራል አይልም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ያለው፣ 4 ጊጋባይት ራም የያዘ ኮምፒውተር ተነሥቶ ገና አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት ከ1.5 እስከ 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ከቀሪው ውስጥ ጥቂቱን ከማዘርቦርዱ ጋር የተዋሐደው የምስል ማሳያ ይወስዳል። ክሮም ተከፍቶ ሦስት አራት ገጾች ሲደረደሩ ግማሽ ጊጋባይት እስከ አንድ ጊጋባይት ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ቴሌግራምና ጸረ ቫይረሱ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት እየወሰዱ ሲጨመሩ፣ ወርድ ሳይከፈት ቋቱ አፉ ድረስ ይሞላል። በዊንዶውስ የተግባር ማስተዳደሪያ መስኮት ላይ የማኅደረ ትውስታውን አምድ የሚመለከት ሰው ይህን ዝርዝር በራሱ ማሽን ላይ ሊያየው ይችላል፤ ከመቶ 85 እና 90 የሚል ንባብ በባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ የዘወትር እንጂ የአደጋ ምልክት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዘመናዊ ስርዓተ ክወናዎች ባዶ የተቀመጠ ራም እንደባከነ ስለሚቆጥሩ፣ ተጠቃሚው ደጋግሞ የሚከፍታቸውን ፋይሎች ቀድመው አምጥተው ያኖሩበታል፤ ሌላ ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ወዲያውኑ ይለቁለታል። ስለዚህ ባለ 16 ጊጋባይት ማሽን ያንኑ ስርዓት ጭኖ 4 ጊጋባይት ቢይዝ፣ በባለ 4 ጊጋባይቱ ላይ ግን 2 ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም፤ ስርዓቱ ባገኘው ልክ ይዘረጋል፣ በጠበበው ልክ ይሰበሰባል። «ይኼ ስርዓት ይህን ያህል ራም ይበላል» እየተባለ የሚነገረው ቁጥር የተለካበት ማሽን አብሮ ካልተጠቀሰ ትርጉም የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ራሙ በእርግጥ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። ስርዓተ ክወናው ለጊዜው የማይፈለጉትን መረጃዎች ወደ ዲስክ ያወርዳቸዋል፤ ሲፈለጉም መልሶ ያነሣቸዋል። ራም የተጠየቀውን መረጃ በመቶ ናኖ ሴኮንድ ገደማ ሲያቀርብ፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ መርፌውን አንቀሳቅሶ ለማድረስ አሥር ሚሊ ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ተጠቃሚዎች «ሀንግ አደረገ» ወይም «ስታክ አደረገ» የሚሉት፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ እየበራ የመዳፊቱ ቀስት የሚደርቅበት ሁኔታ በአብዛኛው ይኸው ምልልስ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ ግን በሚሊ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚመልስ ምልልሱ ቢኖርም እምብዛም አይታወቅም። በባለ 4 ጊጋባይት አሮጌ ማሽን ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲቀየር ባለቤቱ «ራም የተጨመረለት መሰለኝ» ቢል አይፈረድበትም። ለራም ወይስ ለዲስክ የሚለው ምርጫ በአንድ ደመወዝ ተወስኖ በሚመጣበት ቤት፣ ማሽኑ 4 ጊጋባይት ካለው መጀመሪያ ዲስኩ ይቀየር የሚለው ምክር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ 2 ጊጋባይት ብቻ ካለው ግን ዲስኩ ብቻውን አያድነውም።

ከተጠቃሚዎቹ መካከል በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ ነው፤ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ የሥራ ልምድና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያልፈው በዚያ ነው። የሥራው ጭነት ሲመዘን ግን እጅግ ቀላል ሆኖ ይገኛል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በስርዓቱ ውስጥ ሲሠራበት 2 ባይት፣ በኢንተርኔት ሲጓጓዝ 3 ባይት ይይዛል። አንድ ገጽ 2,000 ፊደል አለው ቢባል፣ የ300 ገጽ መጽሐፍ 600,000 ፊደል፣ በስሌቱም 1.2 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ይህም የአንድ ጊጋባይት ሺኛ እጅ ከመሆን ብዙም አይርቅም። ጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ የሚገቡት ፎቶግራፎች፣ ከጀርባ የተከፈተው ክሮምና ሙዚቃው ናቸው ቦታውን የሚይዙት። ስለዚህ ለጸሐፊዋ 4 ጊጋባይት ከኤስኤስዲ ጋር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መግዛት ለእርሷ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው፤ ያ ገንዘብ የመብራት መቆራረጥን ለሚችል ዩፒኤስ ቢውል ይሻላል፤ ምክንያቱም ራም ቢበዛ ያልተቀመጠ ጽሑፍን ከመጥፋት አያድንም።

ጽሕፈት ቤቶቹን ከአሮጌ ስርዓት ጋር ያሰረው ራም ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ለረጅም ዓመታት የአማርኛ ጽሕፈት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲሠራ ቆይቷል፤ ከእነርሱም የቀደሙት ዓይነቶች የራሳቸውን የፊደል አሰፋፈር ስለሚጠቀሙ፣ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከስርዓቱ ጋር አብሮ ያቀረበው ከቪስታ ጀምሮ ነው። እንደ ጘ ያሉ፣ ለአማርኛ የማያገለግሉ ነገር ግን ለአገውኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉ ፊደላት በአንዳንድ አሮጌ ፎንት ላይ ባዶ ሣጥን ሆነው ይወጣሉ። ባለቤቱ ግን ችግሩን ሁሉ ጠቅልሎ «ኮምፒውተሩ አቅም አንሶታል» ይላል፤ ለዚህኛው ችግር የቱንም ያህል ራም ቢጨመር መፍትሔ አይሆንም። ሌላው የጽሕፈት ቤቶች ጣጣ ፍላሽ ነው፤ በቀን ስንትና ስንት ሰው ፍላሹን በሚሰካበት ማሽን ላይ፣ ድጋፉ በጥር 2012 ዓ.ም. ያበቃውን ዊንዶውስ 7 ቀላል ነው ተብሎ ማቆየት ከተረፈው ራም የሚበልጥ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ታሪክ የሥራ ጭነት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንዴት እንደሚዛወር ያሳያል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት ወረዳዎችን በመረብ ለማገናኘት ሲዘረጋ፣ ኮምፒውተሮቹ የኤክስፒ ዘመን ማሽኖች ነበሩ፤ በገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ላይ የዋለው የበጀትና የወጪ ሒሳብ ማጠናቀሪያ አይቤክስም የዚያው ዘመን ፕሮግራም ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ስርዓቶች ግን ብዙዎቹ በማሽኑ ላይ የሚጫኑ ሳይሆኑ በድረ ገጽ ማሰሻ በኩል የሚከፈቱ ናቸው፤ የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ አድርጎ የያዘው ዲኤችአይኤስ2 ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በላይ ሲታይ ሥራው ወደ ማዕከላዊ ሰርቨር ስለሄደ የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር የቀለለው ይመስላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒ ነው። ማሰሻው ለየገጹ የተለየ ክፍል እየከፈተ፣ ሠንጠረዦችንና ካርታዎችን በተጠቃሚው ራም ውስጥ እየሠራ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ዛሬ ከስርዓተ ክወናው ይልቅ ራም የሚበላው እርሱ ሆኗል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የማይታዩ ገጾችን የሚያስተኛ ራም ቆጣቢ አሠራር ማስገባቱ የዚህ ማስረጃ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ለወረዳ ባለሙያ የሚገዛ አዲስ ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ራም እንዲኖረው መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ቅንጦት የሚሆነው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር አውጥቶ መግዛት ነው። በአንድ የጨረታ ሰነድ የሰው ኃይል አስተዳደሩም፣ የገጠር መሬት ካርታ የሚሠራው ባለሙያም፣ ደብዳቤ የምትመዘግበውም እኩል ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን ሲደርሳቸው፣ አንደኛው የማይጠቀምበትን ይታቀፋል፤ ሌላው በየቀኑ ሥራው ይቆምበታል። አማካይ መጠን የማንንም ፍላጎት የማይመልስበት ሁኔታ በመንግሥት ግዢ ላይ እንደዚህ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

በትምህርት ቤት በኩል ኢትዮጵያ ቀደም ያለ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ አገሪቱ ገብተው ነበር፤ እነዚያ ማሽኖች 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ይዘው፣ ለልጆች ተብሎ የተቀነሰ ሊኑክስ ያሠሩ ነበር። ስርዓቱ ለሥራው ተብሎ ከተመጠነ በትንሽ ማኅደረ ትውስታ ብዙ ማሠራት እንደሚቻል፣ ፕሮጀክቱ በሰፊው አለመቀጠሉም የራሙ ጥፋት እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

አሁን ያለው ጥያቄ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በበይነ መረብ ከተሰጠ ወዲህ፣ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍሎች አቅም ከትምህርት ጥራት አልፎ የተማሪን ዕጣ የሚወስን ነገር ሆኗል። በመርሕ ደረጃ ፈተናው አንድ ገጽ ብቻ ስለሚከፍት 4 ጊጋባይት ያለው ማሽን ያለ ችግር ይወጣዋል፤ ቀላል ሊኑክስ ከተጫነ 2 ጊጋባይትም ሊበቃ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ስርዓቱ የራሱን ማሻሻያ ማውረድ ሲጀምር፣ ጸረ ቫይረሱ ዲስኩን ማሰስ ሲነሣ፣ ማሽኑ በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ሲሆን ነው። በአንድ ክፍል ካሉት 50 ማሽኖች 45ቱ ጥሩ ቢሆኑ፣ አምስቱ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ስለ አማካዩ ምንም ግድ የላቸውም። ስለዚህ ለፈተና ክፍል የራም መጠን ከመጨመር በፊት ማሽኖቹን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ከጀርባ የሚነሡትን ሥራዎች ማጥፋትና መጠባበቂያ ኃይል ማዘጋጀት ይቀድማል።

አንድ ጠንካራ ሰርቨር ለብዙ ደካማ መሣሪያዎች የሚያገለግልበት አሠራርም አለ፤ ተማሪው ፊት ያለው ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ሲሆን ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይከናወናል። ለእያንዳንዱ ተማሪ 1 ጊጋባይት፣ ለሰርቨሩ ራሱ 4 ጊጋባይት ቢታሰብ ለ20 ተማሪ 24 ጊጋባይት ይደርሳል፤ በተለያዩ 20 ማሽኖች ላይ 4 ጊጋባይት እየተደረገ ከሚገዛው 80 ጊጋባይት ጋር ሲነጻጸር ቁጠባው ግልጽ ነው። ሰርቨሩ የተበላሸ ቀን ግን 20ዎቹም አብረው ይቆማሉ።

ራም በእውነት የሚያንሰው ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዞኑ መከፈቱ፣ ቀድሞ በከተማዋ የማይታወቁ ከባድ ፕሮግራሞች በተማሪዎች ላፕቶፕ ላይ እንዲታዩ አድርጓል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ደን፣ ገበሬው ለከሰል ምርት የሚተክለው የግራር ዘር፣ በእርሻ መሬት ላይ እንዴት እንደተስፋፋ በሳተላይት ምስል ማጥናት የሚሻ ተማሪ እንበል። ሴንቲኔል 2 የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ወደ 110 ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች ተከፋፍሎ በነጻ ይገኛል፤ በ10 ሜትር ጥራት አንዱ ካሬ በየጎኑ 10,980 ነጥብ አለው፤ ይህም በድምሩ ከ120 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ሲይዝ አንዱ የብርሃን ዓይነት 241 ሚሊዮን ባይት፣ በዚህ ጥራት የሚገኙት አራቱ የብርሃን ዓይነቶች 964 ሚሊዮን ባይት ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን ባለ 4 ባይት ሲያደርጋቸው መጠኑ በእጥፍ ያድጋል፤ ሁለት የተለያዩ ዓመታትን ለማነጻጸር ሁለት ምስል ሲያስፈልግ 4 ጊጋባይት ሊሞላ ይቃረባል፤ ከዚያ የስሌቱ ውጤት ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ዞኑ በአንድ ካሬ ካልተጠቃለለ ደግሞ ሌላ ካሬ ይጨመራል። ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ስርዓቱን፣ ፕሮግራሙንና ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሐል ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። የካርታ ሥራ ፕሮግራሙ አርክጂአይኤስ ፕሮ ዝቅተኛውን 8፣ የሚመከረውን 32 ጊጋባይት ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በነጻ የሚገኘው ኪውጂአይኤስ ቀለል ይላል፤ ብልህ ተማሪም ምስሉን በቅድሚያ በወረዳው ወሰን ልክ ቆርጦ ያሳንሰዋል፤ ይህ አንድ እርምጃ 8 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ይበልጣል።

የመተግበሪያ ልማት የሚማሩትም በዚሁ ምድብ ይወድቃሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ከሚያቀርባቸው ትምህርቶች አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ነው። የፕሮግራም መሠረታዊያንንና የዳታ ሳይንስን ትምህርት በማሰሻ ላይ በ4 ጊጋባይት መከታተል ይቻላል፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ለብቻው 8 ጊጋባይት፣ በኮምፒውተር ላይ ስልክን ከሚያስመስለው ኢሙሌተር ጋር ሲሠራ 16 ጊጋባይት ይጠይቃል። ራም ያነሰው ሰው ኢሙሌተሩን ትቶ የራሱን ስልክ በኬብል አገናኝቶ መሞከር ይችላል፤ መምህራን ይህን መንገድ በመጀመሪያው ቀን ቢያሳዩ ብዙዎች በመሐል ባልተዉት ነበር። ሒሳብና ስታትስቲክስ ለሚሠሩት፣ ለምሳሌ በኤስፒኤስኤስ መጠይቅ ለሚተነትኑት፣ ጥቂት መቶ መላሾች ያሉት ጥናት ከ4 ጊጋባይት አይዘልም፤ የኤስፒኤስኤስ ተማሪ በ16 ጊጋባይት ላፕቶፕ የሚመካ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው።

የሠርግና የበዓል ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች፣ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚቀርጹትም ጭምር፣ ጉዳያቸው አጭር ነው፦ አዶቢ ፕሪሚየር ለተለመደው ከፍተኛ ጥራት 16፣ ፎርኬ ለሚባለው ከዚያ የላቀ ጥራት 32 ጊጋባይት ይመክራል፤ ምክሩም የተጋነነ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ተጠቃሚ ኮምፒውተር የለውም፤ ስልክ ነው ያለው። ጉግል 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ርካሽ ስልኮች አንድሮይድ ጎ የተባለውን የተቀነሰ ስርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 አስተዋውቆ ነበር፤ ኋላ ግን የራሱን ወለል ወደ 2 ጊጋባይት ለማንሣት ተገድዷል። አንድሮይድ እንደ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ከማውረድ ይልቅ ከፊት የሌለውን መተግበሪያ ዘግቶ ቦታውን ይወስዳል። በ2 ጊጋባይት ስልክ የክፍያ መተግበሪያ ከፍቶ፣ በአጭር መልእክት የመጣለትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማየት ወጥቶ ሲመለስ መተግበሪያው እንደገና ከመጀመሪያው ሲነሣበት የሚናደድ ሰው ያጋጠመው ይኸው ነው፤ ኔትወርኩ አይደለም። እንደ *127# ያለው የቴሌብር አጭር ቁጥር በአንጻሩ የስልኩን ማኅደረ ትውስታ የሚነካው ለይስሙላ ያህል ስለሆነ፣ በጃዊ ቆላም ሆነ በባንጃ ደጋ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ገበሬ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው። ለስማርት ስልክ ዛሬ 4 ጊጋባይት ምክንያታዊ ወለል ነው።

ራም ለማስጨመር የሚወስን ሰው ዕቃው ፊት ሲቆም ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። የላፕቶፑ የታች ክዳን ሲፈታ ሁለት መሰኪያ ሊኖር ይችላል፣ አንድ ብቻ ሊኖርም ይችላል፣ ቺፑ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ምንም መሰኪያ ላይኖርም ይችላል። ዲዲአር3 የሚባለው የላፕቶፕ ራም 204 እግር፣ ዲዲአር4 260 እግር፣ ዲዲአር5 262 እግር አለው፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ ቢገፋ ይሰበራል እንጂ። በዲዲአር3 መካከል እንኳ በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ አለ፤ በዝቅተኛው ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ሌላው ሲገባ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። በመሆኑም ከባሕር ዳር ራም የሚያስመጣ ሰው መጠኑን ብቻ ነግሮ መላክ የለበትም፤ የነበረውን ራም ነቅሎ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ አንሥቶ ቢልክ ይበጀዋል።

ዋጋም ሁኔታውን አክብዶታል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተወደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የቺፕ ምርቱን ሲሻሙት በዓለም ገበያ የራም ዋጋ ራሱ አሻቀበ። ከአምስት ዓመት በፊት «ራም ርካሽ ነው፣ አብዝተህ ግዛ» የሚለው ምክር ትክክል ነበር፤ ዛሬ ለአዊ ተጠቃሚ አይሠራም።

ይህ ሁሉ የሚታሰበው ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ድጋፉ በተቋረጠበት ወቅት ነው። ዊንዶውስ 11 በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ የማይጫነው ራም አንሶ ሳይሆን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ነው፤ 16 ጊጋባይት ያለው፣ እ.ኤ.አ. የ2014 ላፕቶፕ ሲከለከል፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይፈቀድለታል፤ ሥራ ላይ ሲውሉ ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይፈጥናል። ሊኑክስ ሚንት 2 ጊጋባይትን ዝቅተኛ፣ 4ን ምቹ አድርጎ ስለሚቀበል ለእነዚህ ማሽኖች ጥሩ መጠጊያ ነው፤ ለጽሕፈትም ኪማን የተባለው የፊደል መተየቢያ ፕሮግራም በሊኑክስ ይሠራል። የፓወር ግዕዝ ሰነድ ያከማቹ ቤቶች ግን በቀላሉ አይለወጡም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንደታየው፣ አዲስ ስርዓትም ሆነ ማሻሻያ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ የማይቀር ነውና፣ ትክክለኛ ቅጂ ያለው ሰው በየከተማው መኖሩ ከራሙ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ያቀረበው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዊንዶውስ 10ን ይዞ መቆየት የሚሻ ተጠቃሚም ለዚህ አገልግሎት አስቀድሞ መመዝገብ ይኖርበታል።